ሁለቱ ባዶ ሳምንታት

ሲስተር አልጋነሽ ማረፋቸውን የሰማሁት ካረፉ በሰባተኛው ሳምንት ነው። ከአስመራ የደወለችልኝ የድሮ ጎረቤታችን "ሰሞኑን ነው ያረፉት" አለችኝ። ሰሞኑን ማለት መቼ እንደሆነ ለማውጣጣት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ለካስ አርባቸው ከወጣ እንኳን ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። ሲስተር ቢሰሟት ኖሮ ከመቃብራቸው ቀና ብለው "ሰሞኑን የሚባለው ቀን የትኛው ወር ውስጥ ነው ያለው?" ይሏት ነበር።

ጎረቤቴ ቀጠለችና በለቅሶው ላይ "ምላሳቸው ሹል ቢሆንም ልባቸው የዋህ ነበር" ተብሎ እንደተነገረ አጫወተችኝ። ሰው ሲሞት እንዲህ ይባላል፤ ቅር አይለኝም። ግን ውሸት ነው። አምስት ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ፤ ልባቸውም እንደ ምላሳቸው ሹል ነበር። የዋህ ሰው ያቺን እሑድ ቤት ጊዮርጊስ ሰፈር ውስጥ እሳቸው ያደረጉትን አያደርግም።

ሲስተር አልጋነሽ አዋላጅ ነርስ ነበሩ። የምንሠራበት የእናቶች ክሊኒክ ጥራቮሎ ሰፈር ውስጥ አንድ ጣሊያን ትቶት የሄደ ቪላ ነው። ሳሎኑ መጠበቂያ፣ መኝታ ቤቱ መመርመሪያ፣ መታጠቢያ ቤቱ ደግሞ ካርድ ክፍል። ካርዶቹ በሁለት ቅጂ ይሞሉ ነበር፤ አንዱን ሴትየዋ ትወስዳለች፣ ሌላው በገንዳው ውስጥ በፊደል ተራ ተደርድሮ ይቀመጣል፤ እኔም ከቧንቧው ጎን ወንበር ዘርግቼ እጽፋለሁ። ነጻነት በመጣ በሁለተኛው ዓመት ገደማ ሁሉም ነገር አዲስ ሲሆን ካርዶቹ ብቻ አልታደሱም። በደርግ ጊዜ በአማርኛ የታተሙ ሦስት ካርቶን ሙሉ ካርዶች ተርፈው ስለነበር፣ የትግርኛው "እየታተመ ነው" እየተባለ በእነሱ ስንሠራ ከረምን። እኔ የተቀጠርኩትም ለዚሁ ነው። አባቴ ከጎንደር ለሥራ መጥቶ አስመራ የቀረ መካኒክ፣ እናቴ የአስመራ ልጅ፤ አማርኛዬም ትግርኛዬም አያሳፍርም፤ የእጅ ጽሑፌ ደግሞ ያምራል። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ ሁሉም እንዲያውቀው እጥር ነበር። ሲስተር በሁለተኛው ቀን "ፕሮፌሶሬሳ"፣ በጣሊያንኛ መምህርት፣ የሚል ስም አወጡልኝ፤ እስክለያቸው ድረስ እናቴ ባወጣችልኝ ስም ጠርተውኝ አያውቁም።

አጭር፣ ደልደል ያሉ፣ መነጽራቸውን በፋሻ ቁራጭ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ነበሩ። ትምህርታቸውን አዲስ አበባ ስለጨረሱ ከእኔ ጋር አማርኛ ማውራት ይወዳሉ። በተለይ አማቶች አብረው ሲመጡ። "እነሱ ፊት ለመሳደብ ይመቻል፣ አይገባቸውም" ይላሉ። አስመራ ውስጥ አማርኛ የማይገባው አማት ከየት እንደሚመጣ እኔ አላውቅም። አማቶቹ ሁሉም ይገባቸው ነበር፤ ሲስተርም እንደሚገባቸው ያውቁ ነበር።

አንድ ነገር ግን ነበራቸው። የሴት ሆድ ከመንካታቸው በፊት የሻሂ ብርጭቆ በሁለት እጃቸው ይዘው መዳፋቸውን ያሞቃሉ። የአስመራ ጠዋት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሻሂውን አይጠጡትም፤ ሲቀዘቅዝ ያስቀይሩታል። ሴትዮዋን እየሰደቡ እጃቸውን ያሞቁላታል።

ነጻነቱ ከመጣ ወዲህ ከተማው በሙሉ አርግዞ ነበር ማለት ይቻላል። ሠላሳ ዓመት የዘገየ ሠርግ በአንድ ጥር ካላለቀ የተባለ ይመስላል። ከሜዳ የተመለሰው ታጋይ ያገባል፣ ከተማ የጠበቀውም ያገባል፤ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ለመድረስ በአንድ እሑድ በአንድ ሰፈር አራት ድንኳን ይተከላል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሙሽሮቹ ተራ በተራ እኛ ሳሎን ውስጥ ይቀመጣሉ።

ሲስተር የመጀመሪያ ጥያቄያቸው አንድ ነው። "የመጨረሻው የወር አበባሽ የጀመረው መቼ ነው?" መልሱ ሁልጊዜ በታቦት ነው። "በሚካኤል ማግስት።" "ከማርያም በፊት፣ ልብስ ሳጥብ።" አንዷማ "ገብርኤል ልንሄድ ስንል አስቀረኝ" አለቻቸው። ሲስተር ሁሉንም ወደ ቀን ይመልሱና ሁለት ክብ ካርቶን መሃሉ ላይ በምስማር የተያያዘች መቁጠሪያቸውን ያሽከረክራሉ። ከዚያ ሳምንቱን ጮክ ብለው ይናገራሉ።

ቀጥሎ ወደ መስኮቱ ይወስዷታል። በመስኮቱ ደፍ ላይ ባዶ የፔኒሲሊን ብልቃጦች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ በፕላስተር ቁጥር ተጽፏል። "አራት" ባለው ውስጥ ጤፍ፣ "አምስት" ባለው ሰሊጥ፣ "ስድስት" ባለው ምስር፣ "ሰባት" ባለው ሽምብራ፣ "ስምንት" ባለው ባቄላ። "ሦስት" ባለው ውስጥ አንዲት የቀለም ነጥብ ያረፈባት ወረቀት አለች። የመጀመሪያው ብልቃጥ፣ "አንድ እና ሁለት" የተባለው፣ ባዶ ነው። ባዶ ሆኖ ግን በጥንቃቄ ተከድኗል፤ በየጠዋቱም ይወለወላል።

"ይቺ ነች ያለችሽ" ይላሉ፣ እህሏን በሴትዮዋ መዳፍ ላይ እያስቀመጡ። "በሰሊጥና በምስር መሃል ልቧ መምታት ይጀምራል። ባልሽ ሠላሳ ዓመቱ ነው አይደል? የእሱን አዳምጠሽ ታውቂያለሽ?"

ስለ ጽንስ ሲያስረዱ አያፍሩም። "እንቁላሏ የምትኖረው አንድ ቀን ብቻ ነው። ቢበዛ። ወንዶቹ ግን እስከ አምስት ቀን ይቆያሉ፤ ደጅ መጥናት ያውቁበታል። በሚሊዮን ሆነው ተነስተው አንዱ ይደርሳል፤ የቀሩት እንደ ጥራቮሎ ቡና ቤት ደንበኞች በየመንገዱ ይቀራሉ። የደረሰውና እሷ አንድ ይሆኑና ወደ ማህፀን ለመውረድ ሌላ አምስት ስድስት ቀን ይፈጅባቸዋል። በእግር ከዚህ ምጽዋ ይደረስ ነበር።" ሙሽሮቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ። ከሳቁት ውስጥ ግን አንዷም የተነገራትን የረሳች አላየሁም።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ። በካርዱ ላይ "የእርግዝና ዕድሜ" የሚል ባዶ መስመር ነበር። ሲስተር በመጀመሪያው ሳምንት በጣታቸው እያሳዩ "ይህንን ባዶ ተይው" ብለውኛል። "ቀኑን ጻፊ፤ ሳምንቱን አትጻፊ።" ለምን ብዬ ጠየቅኩ። "ባዶ መስመር ሰው ገድሎ አያውቅም" አሉኝ። እኔ ደግሞ ከክፍሌ አንደኛ የወጣሁ፣ ባዶ መስመር ሳይ እጄን የሚበላኝ ሰው ነኝ። ስድስት ወር ያህል ታገስኩ። ከዚያ አንድ ማክሰኞ፣ ሰናይት የምትባል ሙሽራ ስትመረመር፣ ሲስተር ከውስጥ "ሰባት ሳምንት!" ሲሉ ሰማሁና በዚያ በሚያምረው ጽሑፌ በሁለቱም ቅጂ ሞላሁት፦ 7 ሳምንት። ከስሩም በማስመሪያ አሰመርኩበት።

ሰናይት በስፌት መኪና ልብስ የምትሰፋ፣ ድምጿ ለስላሳ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጅ ነበረች። ባሏ ሃብቶም በሜዳ የሬድዮ ሰው ነበር፤ ከነጻነት በኋላ አሰብ ተመድቦ ሲሠራ ቆይቶ በሠርጉ ዋዜማ በጭነት መኪና አስመራ ገባ። የታጩት በደብዳቤ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ሠርጉ ካለፈ ደግሞ አምስት ሳምንቱ ነው። ሃብቶም ሜዳ ከመውጣቱ በፊት እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማረው በአማርኛ ስለሆነ ሰናይት ይዛ የሄደችውን ካርድ ያለ ማንም እርዳታ አነበበው። የሬድዮ ሰው ቁጥር አያልፈውም። ከሰባት ላይ አምስት ሲነሳ ሁለት ይቀራል።

ሐሙስ ጠዋት ሰናይት ክሊኒኩ በር ላይ አንድ ሻንጣ ይዛ ቆማ አገኘኋት። ዓይኗ አብጧል። "ወደ አባቴ ቤት መለሰኝ" አለች። አማቷ ኣደይ ለተኪዳን የጣቶቻቸውን አንጓ እየቆጠሩ ሦስት ጊዜ ደግመው ሁለት ሳምንት ትርፍ አግኝተዋል። እሑድ ቤት ጊዮርጊስ፣ አባቷ ቤት፣ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። ካልተስማሙ ትዳሩ ይፈርሳል፤ የሰናይትም ስም አብሮ ይጠፋል። ሆዷ ውስጥ ያለውን ሽምብራ የሚያህል ነገር ማን እንደሚያሳድገው ማንም አላነሳም።

ሲስተር የእኛን ቅጂ ከገንዳው አስወጥተው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ያሰመርኩበት መስመር ላይ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። ስድቡን ለመቀበል ተዘጋጅቼ ነበር፤ አንገቴን እንኳን ደፍቻለሁ። እሳቸው ግን ሰናይትን አስቀምጠው ሻሂ አስመጡላት፤ ያን ቀን ብርጭቆውን እንድትጠጣው ሰጧት።

እሷ ስትሄድ ተከትያቸው ገባሁ። "ሲስተር፣ እኔ ተሳስቼ ነው ብለው ይንገሯቸው" አልኩ እያለቀስኩ። "ጸሐፊዋ ተሳስታ ነው፣ አምስት ነው ይበሉ። ካባረሩኝም ያባርሩኝ።"

"አምስት ልበል?"

"አዎ።"

"እሺ ፕሮፌሶሬሳ፣ ቁጠሪው። ካርዱ አምስት ካለ የምትወልድበት ቀን መቼ ይሆናል? በሁለት ሳምንት ወደፊት ይገፋል። እሷ ግን የምትወልደው በራሷ ቀን ነው። ያኔ አማትየው ጣታቸውን አውጥተው 'ሁለት ሳምንት ቀድማ ወለደች' ይላሉ። ዛሬ የሸፈንሽውን ያን ቀን ከእነ ሕፃኑ ይገልጡታል። እኔ ደግሞ ውሸታም ተብዬ አንድ ቃሌን የሚያምን አይኖርም።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ሰባት ነው። ሰባት እላለሁ" አሉና ብልቃጦቹን በፎጣ እየጠቀለሉ ወደ ቦርሳቸው መክተት ጀመሩ። "አንቺም ትመጫለሽ። ያ የሚያምር ጽሑፍሽ የት እንደደረሰ ታያለሽ።"

እሑድ በአውቶቡስ ወጣን። ጾም ገብቷል፤ የሰናይት አባት ኣቦይ ተስፋይ ግቢ ውስጥ አግዳሚዎች ተደርድረዋል። በአንድ በኩል ሃብቶምና እናቱ፣ በሌላ በኩል ኣቦይ ተስፋይ፤ መሃል ላይ የሰፈሩ ቄስ ቀሺ ተኽለና ሦስት ሽማግሌዎች። ሰናይት ከበሩ ጥግ መሬት መሬት እያየች ቆማለች። ለእሷ ወንበር አልተዘጋጀም፤ የሚወራው ስለ እሷ ብቻ ስለሆነ መሆን አለበት።

ሲስተር ማንም ሳይጋብዛቸው ትንሿን ጠረጴዛ ጎትተው ብልቃጦቹን ደረደሩ። አንዱ ሽማግሌ "ሲስተር፣ ገበያ ነው እንዴ?" አላቸው።

"እወ፣ ገበያ ነው። እናንተ ሰው ልትሸጡ ነው፣ እኔ ጥራጥሬ" አሉ።

ሳቅ አልነበረም። ሃብቶም ካርዱን አውጥቶ ዘረጋው። ቀጭን፣ ፀጉሩን አጭር የተቆረጠ፣ ለሦስት ቀን ያልተኛ የሚመስል ሰው ነው። ክፉ ሰው አልመሰለኝም፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ። ክፉ ቢሆን ክፉ ነው ተብሎ ይታለፋል።

"ይህን የጻፈው ማነው?" አለ።

ከወንበሬ ልነሳ ስል ሲስተር ሳያዩኝ በእጃቸው ትከሻዬን ወደ ታች ተጫኑት።

"እኔ ነኝ" አሉ።

"ስህተት ነው?"

"ኣይፋልን። ልክ ነው። ሰባት ሳምንት።"

ኣደይ ለተኪዳን እጃቸውን አጨበጨቡ። "ሰማችሁ? ከአፏ ሰማችሁ?" ኣቦይ ተስፋይ ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ሲስተር ግን እስኪረጋጋ ጠበቁና የመጀመሪያውን ብልቃጥ፣ ባዶውን፣ አንስተው ለቀሺ ተኽለ ሰጧቸው።

"ቀሺ፣ ምን ይታይዎታል?"

ቀሺ ብልቃጡን ወደ ፀሐይ አደረጉት። "ምንም የለበትም።"

"የቐንየለይ፣ አመሰግናለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እነዚህ ናቸው። ምንም የለባቸውም። እኛ የምንቆጥረው ከመጨረሻው የወር አበባ መጀመሪያ ቀን ነው። ጽንሱ የሚጀምረው ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። ሰናይት በሠርጓ ሰሞን ነው ያረገዘችው፤ ከሠርጉ በፊት ያሉት ሁለት ሳምንታት እነዚህ በእጅዎ የያዟቸው ናቸው።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ የወር አበባ የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እስከ ጉባኤው መጨረሻ ድረስ ግድግዳውን ሲያይ ዋለ። ስድስት ልጆች አሉት ብለው በኋላ ነገሩኝ፤ ከየት እንደመጡለት እንጃ።

ቀሺ ተኽለ ግን አልተዋጠላቸውም። "ሲስተር፣ ይህ የሐኪም ቤት ቆጠራ ግራ ያጋባል። እመቤታችን ጌታን የፀነሰችው መጋቢት ሃያ ዘጠኝ ነው፤ የወለደችው ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ። ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን። የተቆጠረው ከጽንሱ ቀን ነው፤ ካልነበረ ነገር ተነስቶ የሚቆጥር አልሰማሁም።"

ሲስተር ወደ ቀሺ ጠጋ አሉ። ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ እንዲያ ሲሆን አይቼ አላውቅም ነበር።

"እውነትዎን ነው። ለእመቤታችን ግን መልአኩ መጥቶ ቀኑን ነግሯታል። ለሰናይት ማን ይንገራት? ለእኔስ? ለእኛ መልአክ አይላክልንም፣ ቀሺ። ጽንስ ሲጀምር የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሴትየዋም አታውቀውም። እርግጠኛ ሆና የምታውቀው ደሟ የመጣበትን ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚያ እንቆጥራለን። ሁለት ሳምንት ትርፍ እንዳለበት እያወቅን።"

ቀሺ ብልቃጡን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ መለሱት። ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩና "ይህስ ትክክል ነው" አሉ። ኣቦይ ተስፋይ ከእጆቻቸው መሃል ቀና አሉ።

ሃብቶም ግን ገና ነው። "ባዶ ከሆነ ለምን ትቆጥሩታላችሁ? ባዶ ነገር አይቆጠርም። እኔ እንዲህ ዓይነት መልእክት ቢላክልኝ አልቀበልም።"

ሲስተር መነጽራቸውን አወለቁ። "ወደይ፣ ልጄ፣ ስንት ዓመት ነው የታገልከው?"

"አሥራ ሁለት።"

"ከመቼ ጀምረህ ቆጥረህ?"

"ከቤቴ ከወጣሁበት ቀን።"

"መሣሪያ የተሰጠህስ መቼ ነው?"

"ከስልጠና በኋላ። በስድስተኛው ወር።"

"ታዲያ አሥራ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ነዋ! ስድስቱን ወር ባዶህን ተቀምጠህ አሥራ ሁለት እያልክ ነው የምታወራው? እነዚህ ሽማግሌዎች ይስሙ፤ ስድስት ወር ተርፏል። ከየት አመጣኸው?"

የሃብቶም ፊት ቀላ። ከወንበሩ ተነሳ። "እሱም ትግል ነው! ያለ ስልጠና ማን ይዋጋል? ያኔ እኮ እየተዘጋጀን ነበር!"

"እወ" አሉ ሲስተር። "ማህፀኗም በእነዚያ ሁለት ሳምንታት እየተዘጋጀ ነበር። ግድግዳውን እያደሰ፣ እንቁላሏን እያሳደገ። አንተ አሰብ ሆነህ ልብስህን ስታጥብ፣ እሷ እዚህ ሆና ለአንተ ልጅ ቤት ስታሰናዳ ነበር። ያንን ነው እንደ ክህደት የቆጠርከው።"

ሃብቶም እንደቆመ ጠረጴዛውን አየ፤ ብልቃጦቹን ከግራ ወደ ቀኝ ተከታትሎ አየ። እየቆጠረ እንደሆነ ከከንፈሩ አወቅኩ። ሽምብራዋ ላይ ሲደርስ ቆመና ተቀመጠ። ኣደይ ለተኪዳን ጣቶቻቸውን እንደገና ሊያነሱ ሲሉ እጃቸውን ያዘና ወደ ጭናቸው መለሰው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥነ ሥርዓት ነው። ቀሺ መረቁ። ሽማግሌዎቹ ሁሉን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሮ ገብቷቸው እንደነበር እርስ በእርስ ተነጋገሩ። ግድግዳ የሚያየው ሽማግሌ እንኳን "እኔም ይህንኑ ልል ነበር" አለ። ሃብቶም ወደ ሰናይት ሄዶ "ጥፋቴ ነው፣ ይቅር በይኝ፤ ሻንጣሽን ልያዝልሽና እንሂድ" አላት።

ሰናይት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

"አምነኸኛል?"

"አምኛለሁ።"

"ማንን ነው ያመንከው? ሲስተርን ነው። ሽምብራዋን ነው። እኔ ሐሙስ ዕለት እየማልኩ ስነግርህ አላመንከኝም።" ድምጿ አሁንም ለስላሳ ነው፤ ግን ግቢው ሁሉ ሰማው። "በሁለት ሳምንት ነው የጠረጠርከኝ። ሁለት ሳምንት አባቴ ቤት እቀመጣለሁ። አንተም ቤትህን አሰናዳ። ከዚያ መጥተህ ጠይቀኝ፤ የምለውን ያን ቀን እልሃለሁ።"

ኣቦይ ተስፋይ "ጓለይ፣ ልጄ፣ ተዪ እንጂ" ሊሉ ጀመሩ፤ ቀሺ ግን በእጃቸው አስቆሟቸው። ሰናይት የተቀመጡትን አልፋ ወደ ቤት ገባች። ሃብቶም ባዶ እጁን ቆመ። (በአሥራ አምስተኛው ቀን ጠዋት መጥቶ ጠየቃት፤ ሄደችለትም። ልጃቸው በጥቅምት ተወለደች፤ ከሲስተር መቁጠሪያ ሦስት ቀን ብቻ ዘግይታ። ኣደይ ለተኪዳን በክርስትናው ላይ "እኔ እኮ ድሮም ብዬ ነበር" ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።)

ሲስተር ብልቃጦቹን በፎጣ ጠቀለሉ። ቁልቁል ወደ ፌርማታው ስንወርድ እኔ ስድቤን እየጠበቅኩ ከኋላቸው እከተላለሁ። በጽሑፌ አንድ ነጥብ ካስቀረሁ ለሳምንት የሚሰድቡኝ ሴት፣ ትዳር ላፈርስ ለደረስኩበት ምን ሊሉኝ ነው? ፌርማታው ላይ ስንቀመጥ አላስቻለኝም።

"ሲስተር፣ ይስደቡኝና ይውጣልኝ።"

"ለምን?"

"መስመሩን ባዶ ተይው ብለውኝ ነበር። እኔ ሞላሁት። ከዚያ ደግሞ እርስዎ 'እኔ ነኝ የጻፍኩት' አሉ።"

"ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?"

"ሰባት።"

"ስንት ነበር?"

"ሰባት።"

"ታዲያ ትክክል በመጻፍ ሰው ይሰደባል?" አሉ። ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። "ስንት ዓመት ነው ይህን ሥራ የሠራሁት? ሃያ ዓመት አልፎኛል። ሃያ ዓመት ያን መስመር ባዶ ተውኩት። ለሴቶቹ አስቤ ነው እላለሁ። ውሸቴን ነው። ባሎች ካርድ ይዘው መጥተው እንዳይጮኹብኝ ብዬ ነው። ለሴቶቹ መስኮቱ አጠገብ ሰሊጥና ምስር እያሳየሁ አስተምራለሁ፤ ባሎቹን ግን ከበር አላስገባም። ቁጥሩን የሚያውቁት ሴቶቹ፣ የሚፈርዱት ወንዶቹ። ይህንን ያደረግኩት እኔ ነኝ እንጂ አንቺ አይደለሽም። ያቺ ልጅ ዛሬ በሩ ጥግ የቆመችው በእኔ ባዶ መስመር የተነሳ ነው።"

መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ዓይናቸውንም አብረው ጠረጉ። እኔ ያላየሁ መሰልኩ። በአምስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን የወደድኳቸው ቀን የለም። ልንገራቸው ፈልጌ ነበር፤ ምን እንደሚሉኝ ስለማውቅ ተውኩት። አውቶቡሱ ሲታይ ተነሱ።

"ከነገ ጀምሮ በትልቁ ጻፊው" አሉኝ። "ባልየውንም አስጠሪው። እዚሁ እኔ ፊት ይቁጠር።"

ሰኞ ጠዋት መስመሩን በሚያምረው ጽሑፌ ሞላሁና ወደ በሩ ወጣሁ። የመጀመሪያዋ ሙሽራ ባል ውጭ ብስክሌቱን ተደግፎ ሲጋራ እያጨሰ ነበር። ሲስተር ይጠሩሃል ስለው ሲጋራውን ጣለ፤ ፊቱ ነጣ። ከእኛ ሳሎን ደፍ አልፎ የገባ የመጀመሪያው ባል እሱ ሳይሆን አይቀርም። ነጠላቸውን ያጣፉ አሥራ ሦስት ሴቶች ዞር ብለው ያዩታል፤ ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ መመርመሪያው ክፍል በር ላይ ቆመ። ሲስተር የሻሂ ብርጭቆአቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ በዓይናቸው ወንበሩን አሳዩት።

"እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ?" አላቸው።

"ያደረግከውን ነው የምንቆጥረው፤ ቁጭ በል" አሉት።